የጉሮሮው ባለቤት

አዋሽ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለታጁ ይመር፣ ሰመራ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። አንተ፣ ሀምዳና ልጆቹ እንዴት ከረማችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁና ከጉሮሮዬ በቀር ደህና ነኝ።

«ስልክ እያለልን ደብዳቤ ምን አመጣው? ሰው ምን ይለናል?» ብለሃል። ሰው ያሻውን ይበል። ባለፈው ስደውል ሚስትህ ሀምዳ አንስታ «ማን ልበል ወንድሜ?» አለችኝ። ወንድሜ! ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ምግብ ቤት ትእዛዝ ስጠራ ድምፄ አስፋልቱን ተሻግሮ ጎሚስታው ጋ ይሰማ ነበር። ዛሬ ሻክሮ ሻክሮ፣ የማያውቀኝ ሰው ሲጋራ የጎዳው ሽማግሌ ሾፌር ነው የሚመስለው። በስልክ መልእክት መጻፉንም አልወደውም፤ በአንድ ጣት ይጠፋል። ወረቀት ግን ይቀመጣል። ሾፌሩ በለጠ መኪናውን ይዞ ወደ ጅቡቲ ሲሄድም ሲመለስም እኔ ጋ ነው የሚበላው፤ ሎጊያ ሲደርስ ደብዳቤውን በባጃጅ ይልክልሃል።

ኪኒኑን ጨርሻለሁ። ሀምዳ የላከችውን ማርና ዝንጅብልም ጠጥቻለሁ፤ አላህ ይስጥልኝ በላት፤ ግን ምንም አልፈየደኝም። አሁን ስውጥ ጆሮዬ ድረስ ይወጋኛል። ጆንያ አንስቼ ሦስት እርምጃ ስሄድ ትንፋሼ ያፏጫል።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ነሐሴ መጨረሻ እናንተ ጋ የመጣሁ ጊዜ፣ ዶክተር አይናለም በአፍንጫዬ ካሜራ አስገብታ ካየችኝ በኋላ፣ አደንዝዛኝ ከማንቁርቴ ትንሽ ሥጋ ቆርጣ ወሰደች። «ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ በሦስትና በአራት ሳምንት ይመጣል» ብላ ያንተን ስልክ መዘገበች። ይኸው ስምንት ሳምንት ሊሞላ ነው። መጣ ወይስ አልመጣም? በአንድ መስመር መልስልኝ።

እህትህ ዊዳድ


ሰመራ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ዊዳድ

ወዓለይኩም አሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እኛ አልሐምዱሊላህ በጣም ደህና ነን። ሙቀቱ ዘንድሮ አልቀንስ ብሏል፤ መብራት ሲጠፋ ቢሮው እንደ ዳቦ ቤት ነው። ስብሰባ በዝቶብኝ ነው መልሱ የዘገየው፤ አውፍ በይኝ።

ልጄ ፋሪሃ «አባዬ አለቀሰ» ብላ ደውላልሻለች አሉ። አላለቀስኩም። እዚህ አቧራው ዓይን ይቆጠቁጣል። ልጅ ያየችው ሁሉ እውነት አይደለም።

ውጤቱን በተመለከተ፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው። እንዲህ ዓይነት ምርመራ ጊዜ ይወስዳል። እኔ እየተከታተልኩ ነው። ቁስለት ብጤ ሊሆን ይችላል የሚል ነገር ሰምቻለሁ። አብሽሪ፣ ሐሳብ አታብዢ፣ ሙቅ ሙቅ ጠጪ፣ ከጭስ ራቂ፤ ወጥ ሠሪሽ ንጋትወርቅ እያለች አንቺ ምድጃ ላይ ምን አቆመሽ? አክስታችን ዘሃራም «ዊዳድ ናፍቃኛለች» እያለች ነው፤ ከባቲ ብቅ ልትል ትችላለች። መጥታ ብታጫውትሽ ደስ ይለኛል።

ወንድምሽ ታጁ


አዋሽ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ታጁ፣

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ እሰጥሃለሁ።

አክስት ዘሃራ በግ እየጎተተች መጣች። ለሠርጌ ዶሮ ያላመጣች ሴትዮ! ሦስት ቀን ተቀምጣ ፊቴን እያየች ተነፈሰች። በአራተኛው ቀን የአጎታችን ልጅ ከድሩ መጣ። ከድሩ ማለት በአባባ ማሳ ምክንያት ዘጠኝ ዓመት ያኮረፈኝ፣ መንገድ ላይ ሲያየኝ የሚሻገር ሰው ነው። እግሬ ሥር ቁጭ ብሎ «አውፍ በይኝ» አለ። ሰው ሊሞት ካልሆነ ከድሩ ይታረቃል? ዘወር ብዬ አክስቴን ሳያት በሻርፗ አፏን ይዛ ትንሰቀሰቃለች። ንጋትወርቅ እንኳ ከወጥ ቤት ወጥታ «እትዬ፣ ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ለኔ ያልተነገረኝ ለባቲ ገበያ ሁሉ ተነግሯል።

ሰኞ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሎጊያ አደርኩ። ማክሰኞ ጠዋት ሰመራ ነበርኩ። በቤትህ ደጃፍ በባጃጅ አለፍኩ፤ የፋሪሃ ቀሚስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። አልወረድኩም።

የሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ሰውዬ ፋይሉን ገልጦ «ውጤቱን ቤተሰብ ወስዷል። እርስዎ የታካሚዋ ምኗ ነዎት?» አለኝ። «የጉሮሮው ባለቤት ነኝ» አልኩት። ዶክተር አይናለም ስታየኝ ደነገጠች። «ወንድምዎ መስከረም 20 ወስዶታል። ቀስ ብዬ ነግሬያት በሳምንት ውስጥ ይዣት እመጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ስደውልለት አዲስ አበባ ወስደናታል አለኝ» አለች። አዲስ አበባ ወስደኸኝ ነበር ለካ! እንዴት ነበር አየሩ?

ከዚያ ወረቀት ስባ ጉሮሮዬን በእስክሪብቶ ሳለችልኝ። ካንሰር ነው። ይኸው ጻፍኩት፣ እጄም አልተቃጠለም። ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው። በካሜራው ደግማ ስታየኝ የግራው የድምፅ ጅማት መንቀሳቀስ አቁሟል። አንገቴንም ዳብሳ በስተግራ አንድ ንፍፊት አገኘች፤ ነሐሴ ላይ አልነበረም። አዲስ አበባ ሄጄ ማንቁርቴ በቀዶ ሕክምና መውጣት ሳይኖርበት አይቀርም፤ ድምፄም አብሮት ይሄዳል አለች።

«መስከረም ላይ መጥቼ ቢሆን ድምፄ ይተርፍ ነበር?» አልኳት። «አላውቅም። አውቃለሁ ብልዎ እዋሽዎታለሁ» አለች። ታጁ፣ ከዚህ ሁሉ ወር ወዲህ ከሰው አፍ የሰማሁት ደስ የሚል ቃል ያ «አላውቅም» ብቻ ነው። ልጅቷን ሳምኳት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሌላ ሰውን በሽታ የደበቀስ ምን ይባላል? በሚቀጥለው ደብዳቤህ ይህን መልስልኝ።

ዊዳድ


ሰመራ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ደጃፌን አልፈሽ መሄድሽን ሳነብ ቢሮ ውስጥ ሰው ነበር፤ ተነስቼ ወጣሁ። እንኳን ሌላ፣ ጠላት እንኳ ደጅ ሲደርስ ውሃ ይጠጣል።

አዎ፣ ወረቀቱን ወስጃለሁ። መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። በየጠዋቱ «ዛሬ እነግራታለሁ» እላለሁ፣ ስልኩን አነሳለሁ፣ ያን የሻከረ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ሙቀቱ አውርቼ እዘጋለሁ። ዘመድ የነገርኩት ዱዓ እንዲያደርጉልሽ ብዬ እንጂ ላሳጣሽ አይደለም። ለዶክተሯ መዋሸቴን ግን በምንም አላስተባብለውም። አፍሬያለሁ።

ግን አንድ ነገር ካላልኩ ይህ ደብዳቤ ግማሽ ነው። እኔ ይህን ከማን ተማርኩ? ደሴ ሳለን እማ የታመመች ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዶክተሩ እሷን አስወጥቶ ላንቺ ሲነግርሽ በሩ ሥር ቆሜ ሰምቻለሁ። ወጥተሽ «ጨጓራ ነው በላት» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ሳለቅስ ክንዴን ቆነጠጥሽኝ፤ ለሳምንት ያህል ጠቁሮ ነበር። «የሚወድ ሰው ተሸክሞ ዝም ይላል» ያልሽውም አንቺ ነሽ። እንዳልሽኝ ተሸክሜ ዝም አልኩ። ከሳሽ ሆነሽ ስትመጪ ይህንንም አብረሽ አምጪው።

አሁን ደግሞ እለምንሻለሁ። አንገትሽን ለቢላ አትስጪ። አጎታችን ሐጂ አብዱረህማን «ድምፅ የሌላት ሴት ቤት አታቀናም፤ ቁርኣንስ በምን ትቀራለች?» ብለዋል። ቢያንስ እስከ ረመዳን በዱዓና በዘምዘም እንየው። ያ ነገር አንዳንዴ በራሱ ይረጋል ይላሉ።

ታጁ


አዋሽ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታጁ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። መልሴ የቆየው ሁለቴ ጽፌ ሁለቴ ስለቀደድኩት ነው። ደብዳቤህን መጀመሪያ ሳነበው «የአብዬን ወደ እምዬ!» ብዬ ወጥ ቤት ወለል ላይ ወረወርኩት። ንጋትወርቅ አንስታ ዘይቱን ጠርጋ ሰጠችኝ። ደግሜ ሳነበው ልክ ነህ።

እማን ዋሽቻታለሁ። ሰዉ «እናት ዝም ትላለች እንጂ ታውቃለች» ይላል፤ እኔም ይህን ለራሴ ስነግር ነው የኖርኩት። ውሸት ነው። እማ አላወቀችም። ጨጓራ ነው ስላልኳት እንደ ጨጓራ በሽተኛ ኖረች። ቃሪያ ያለ ልክ ትወድ እንደነበር ታስታውሳለህ፤ እንጀራ ባይኖር እንኳ ከበቆሎ ጋር ትገምጠው ነበር። አምስት ወር ሙሉ አልጫ አበላኋት። አንድ ከሰዓት «አንዲት ቃሪያ ብቻ፣ ፍሬዋን አውጥተሽ» ብላ ለመነችኝ። ዶክተሩ ያማራትን ሁሉ ስጧት ብሎኝ ነበር። ብሰጣት «ጨጓራ አይደለም እንዴ?» ትለኛለች፣ ውሸቴ ይታወቅብኛል ብዬ ከለከልኳት። «እሺ፣ ሲሻለኝ» አለች። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ከዚያ በኋላ ቃሪያ በጄ ሰንጥቄ አላውቅም፤ ለደንበኛም ንጋትወርቅ ናት የምታቀርበው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ አሁን ለአንተ ነገርኩህ።

ስለዚህ ከኔ ተምረህ ከሆነ፣ ያስተማርኩህን መልሰህ ስጠኝ። ክንድህንም አውፍ በለኝ። እኔም አውፍ ብዬሃለሁ፤ ቁጣዬ ግን ገና አልወጣልኝም፤ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ።

አዲስ አበባ ሄጄ ሲቲ ስካን ተነሳሁ። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ደጀን ይባላሉ፤ ሲያወሩ ዓይን ዓይንህን ነው የሚያዩህ። ማንቁርቴን በሙሉ ያወጡታል፤ በአንገቴ በሁለቱም በኩል ያሉትን ንፍፊቶችም ይለቅማሉ። ከዚያ ወዲያ በአፍንጫ መተንፈስ የለም፤ አንገቴ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው። ድምፅ የለም። ወንዝ መግባት የለም። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማሁ። በመጨረሻ «ማሽተትም በጣም ይቀንሳል» አሉኝ። ያኔ ብቻ ነው ያለቀስኩት። ወጥ ሠርቼ ሳልቀምስ፣ በማሽተት ብቻ ጨው ማነሱን የማውቅ ሴት አፍንጫዬን ሊወስዱብኝ ነው። ንጋትወርቅ አጠገቤ ነበረች፤ «እኔ አሸትልዎታለሁ እትዬ» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

ለሐጂ እጅ ነሥተህ እንዲህ በልልኝ፦ ድምፅ የሌላት ሴት ቤት ካላቀናች፣ ነፍስ የሌላት ታቀናለች ወይ? ቁርኣኑን በዓይኔና በልቤ እቀራለሁ። ዱዓቸውን አልጠላሁም፤ ያድርጉልኝ፤ ሐኪሞቹ ሲቆርጡ እሳቸው ዱዓ ያድርጉ፤ ሁሉም የየራሱን ሥራ ይሥራ። እስከ ረመዳን ብንጠብቅ ግን ትንፋሼ ራሱ ይዘጋል፤ ይህንንም ዶክተሩ በግልጽ ነግረውኛል።

ቀኑ ጥር 6 ነው። ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አትምጣ አልልህም። ከመጣህ ግን ሻንጣ ይዘህልኝ ቁም እንጂ ከሐኪም ጋር ኮሪደር ላይ ስታንሾካሹክ እንዳላይህ። አንድ ነገር ከተነገረህና እኔ ካልሰማሁት፣ ድምፅ ባይኖረኝም ጥርስ አለኝ።

እህትህ ዊዳድ


ሰመራ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ዊዳድ

አሰላሙ ዓለይኩም። ፈቃዴ አልቆ ከአጠገብሽ ተነሥቼ ከመጣሁ ሳምንት ሆነኝ። ንጋትወርቅ ደውላ የአፍንጫሽ ቱቦ ሊነሣ መሆኑን ነግራኛለች። አልሐምዱሊላህ።

ከሐኪም ጋር አላንሾካሾክሁም። ከኦፕራሲዮን ክፍል ስምንት ሰዓት ቆይተሽ ስትወጪ ዶክተር ደጀን ወደ እኔ መጡ፤ «ስትነቃ ለሷ ይንገሯት» ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ንጋትወርቅ ቁጣ ቁጣ ብሏት «ቢያንስ በሕይወት አለች ወይ ብለህ ጠይቅ!» ብላ ጠየቀችልኝ።

ስትነቂ ቀዳዳውን አይቼ ወጥቼ ሄጃለሁ። አይተሽኛል፤ ደብተርሽ ላይ የጻፍሽውንም ንጋትወርቅ አሳየችኝ። «ልቡ ሲመለስ ይምጣ» ይላል። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ አቧራ አይደለም። ስድስት ሳምንት እኔ መሳቢያ ውስጥ የቆለፍኩት ወረቀት ያንን ቀዳዳ እንደከፈተው ነው የሚሰማኝ። ዶክተሯ «አላውቅም» ብላሻለች፤ እኔም አላውቅም፤ ከዚህ አለማወቅ ጋር መኖር አለብኝ። ካንሰሩን ደብቄብሽ ነበር። ይኸው እኔም ጻፍኩት።

አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ነርሷ ሠርካዲስ «እህትህ ከመደንዘዟ በፊት የተናገረችውን ሰምተን ሁላችንም ሥራችንን አቆምን» አለችኝ። «ምን አለች?» ብላት «ራሷ ትንገርህ» ብላ ሄደች። የመጨረሻ ድምፅሽ ነውና ማወቅ አለብኝ። ሸሃዳ ነው ብዬ ለሐጂ ነግሬያቸዋለሁ፤ በጣም ደስ አላቸው። እማን ጠርተሽ ከሆነ ንገሪኝ። እኔን ረግመሽ ከሆነም ንገሪኝ።

ወንድምሽ ታጁ


አዋሽ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለታጁ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሀምዳ፣ ፋሪሃና ትንንሾቹ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ስለ ጉሮሮዬ ግን ብዙ ወሬ አለኝ።

በመጀመሪያ ውጤቱን ልንገርህ፤ ራሴ ነኝ የተቀበልኩት። የተቆረጠው ሥጋ ዙሪያው ንጹሕ ነው ተብሏል። ከአንገቴ ካወጧቸው ንፍፊቶች ግን በአንዱ ውስጥ አግኝተውታል። ስለዚህ ጨረር ታዞልኛል፤ በመጪው ሳምንት አዲስ አበባ እመለሳለሁ። ዘንድሮ ጾም የለኝም፤ ያለፈኝን ስድን እጾመዋለሁ። እድናለሁ ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ አላውቅም። እፈራለሁ ወይ ብትለኝ፣ አዎ፣ ጠዋት ጠዋት እፈራለሁ። ከዚያ ሾፌሮቹ ይመጡና ጊዜ አጣለሁ።

አክስት ዘሃራ «እስክትድኚ ቤት ተከተቺ፣ ሰው አይይሽ» አለችኝ። በነጋታው ወንበሬን ከጓዳ አውጥቼ በሩ ላይ አስቀመጥኩት። ቀዳዳው ላይ ስስ ጨርቅ አደርጋለሁ፤ ለአዋሽ አቧራ ነው እንጂ ለሰው ዓይን አይደለም። ትእዛዝ የምጠራው የድስት ክዳን በማንኪያ እየመታሁ ነው፤ አንዴ ጥብስ፣ ሁለቴ ሽሮ፣ ደጋግሜ ከመታሁ ደግሞ የሆነ ሰው ጥፋት አጥፍቷል ማለት ነው። ትናንት አንድ እንግዳ ሾፌር አፉን ከፍቶ አንገቴን ሲያይ «አይተህ ከጨረስክ ምሳ እዘዝ» ብዬ ጽፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። በለጠ በሳቅ ሊሞት ነበር። ሰውየው ሁለት ሳህን በልቶ «ይቅርታ እናቴ» ብሎኝ ሄደ።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ለሐጂ የነገርከውን አስተካክል። ሸሃዳዬን በልቤ ብያለሁ፤ አላህ ለመስማት ማንቁርት አይሻም። እማን አልጠራሁም። አንተንም አልረገምኩህም፤ አምሮኝ ነበር እንጂ።

ጠረጴዛው ላይ አስተኝተውኝ መብራቱ ዓይኔን እየወጋኝ ሳለ፣ ዶክተር ደጀን ጎንበስ አሉና «ከማደንዘዛችን በፊት እያንዳንዱ ታካሚ የሚጠየቀው ነው። ስምዎን፣ በሽታዎንና ዛሬ ምን እንደምናደርግልዎ በራስዎ አፍ ይንገሩን» አሉኝ። ሠርካዲስ ቅጹን ይዛ ቆማለች። ስሜን ነገርኳት። ከዚያ በሽታዬ ጋ ደረስኩ። ታጁ፣ አንተን ስቆጣህ የከረምኩት ሴትዮ ቃሉን በወረቀት ጻፍኩት እንጂ አንድም ቀን በአፌ ጠርቼው አላውቅም ነበር። ለንጋትወርቅ እንኳ «ይሄ ነገር» ነበር የምላት። አፌን እከፍታለሁ፣ አይወጣም። ሠርካዲስ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ «ካልቻሉ ግድ የለም፣ ውጭ ያሉትን ቤተሰብ እንጠይቃለን» አለች።

ቤተሰብ ስትል ደሜ ፈላ። እጇን ያዝኩና፣ ከዚያች ከሻከረች ጉሮሮዬ የቀረኝን ድምፅ ሁሉ አሟጥጬ ጮህኩ፦ «ዊዳድ ይመር እባላለሁ። ካንሰር አለብኝ። ማንቁርቴን ልታወጡ ነው፤ የፈረምኩትም እኔ ነኝ!»

ሁሉም እጁን ከሥራው አነሣ። ዶክተር ደጀን «ተሰምቷል» አሉ።

እህትህ
ዊዳድ ይመር